ጡረታ ያልወጣው ቀይ

ለምወድህና ለምትቆጣኝ አጎቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? ያ ሁሉን አዋቂ ምላስህስ? አክስቴስ ከነቁጣዋ ደህና ናት? እኔ አንተ ባስገባኸኝ የክር ማቅለሚያ ቤት፣ አንተ ሠላሳ ዓመት በቆምክበት በርሜል ሥር፣ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ሆኜ ደህና ነኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅ፤ ከትምህርት ያጣላኝ አስተማሪው ነው እንጂ እኔስ ሰላማዊ ሰው ነኝ።

ወሬ ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ነርስ ሽንታችንን ልታስመረምር ለእያንዳንዳችን ብልቃጥ ይዛ መጣች። እንግዲህ ለእኔ ብልቃጥ መስጠት ሥጋን ለጅብ አደራ ማለት ነው። አለቃችን ዞር ሲል ከቀዩ በርሜል አንዲት ጠብታ ሽንቱ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ጣል አደረግኩለት። ይደነግጣል ስል ሰውዬው ብልቃጡን ከፍ አድርጎ፣ ዛሬ ደግሞ ቀዩ ደረሰኝ ብሎ ሳቀ! እኛም ሳቅን። የቤታችንን ወግ ታውቀው የለ፤ ሽንቱ ቀይ የሆነ ሁሉ ቀለሙ እየወጣለት ነው።

ነርሷ ግን አልሳቀችም። ሰውዬውን ወደ ሆስፒታል ልትልከው ስትል ተናዘዝኩ። ስድቡን ልተወውና፣ ቀጥላ ያለችው ነው ጉዱ። እጅ ላይ ያለ ቀለም በሳሙና ይለቃል፤ በሽንት ቀይ የሚወጣው ግን ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ ደም ነው አለች። አንዳንድ ቀለሞች፣ በተለይ የድሮዎቹ፣ በቆዳም በትንፋሽም ገብተው የሽንት ፊኛ ካንሰር ያመጣሉ፤ ሰውየው ሥራውን ከተወ ከብዙ ዓመት በኋላም ብቅ ሊል ይችላል አለች። አንተ ደግሞ ጓንት ለሙሽራ ነው እያልክ በባዶ ክንድህ ስታማስል ኖርክ።

ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። ባለፈው ስመጣ ከጓሮ ጠርተህ ሽንትህን እያሳየኸኝ፣ ና ጉድ እይ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ፣ ቀዩ ግን እስካሁን ሥራ ላይ ነው ብለህ ሆዳችንን ይዘን ስቀን አልነበር? ደግሞ ምንም አያመኝም ብለህ ስትኩራራ! ነርሷን ጠየቅኳት። አለማመሙ ነው ሰውን የሚያዘናጋው አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀለም የሚያስቀምጥ ፊኛ የለም አጎቴ። ነገሩ ቀላል ሊሆንም ይችላል፤ ክፉው ቢሆንም ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል ብላለች።

አሁን፣ ይሄ ተንኮለኛ ደግሞ ምን አመጣ ልትል ነው። እውነትህን ነው። ስለዚህ መያዣ ልስጥህ፤ ያን ጊዜ ጫማህ ውስጥ እንቁላሉን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያቺ ምስኪን ዶሮ ያለ ኃጢአቷ ነው የታረደችው። ይህን እስከመናዘዝ የደረስኩት የቀረው እውነት ስለሆነ ነው።

ለሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ቀጠሮ አስይዤልሃለሁ። ለእኔም ሁለተኛ ብልቃጥ ስለሰጠችኝ አብረን እንሰለፋለን፤ ማን ቀድሞ እንደሚሞላ እናያለን።

እምቢ እንደምትል ስለማውቅ ለአክስቴ ከሦስት ቀን በፊት ሌላ ደብዳቤ ልኬላታለሁ። እስቲ ከወረቀቱ ቀና በል። በሩ ላይ ቆማለች አይደል? ጫማህንም ይዛለች። አትፍራ፣ ዛሬ ባዶ ነው።

ዕድሜህን ያርዝመው፤ አንተ ከሌለህ በማን ላይ ልቀልድ?

የእህትህ ልጅ፣
በዶሮዋ ላይ ያስፈረደባት