ያለ ሰው የሚኖር ተክል

ከሚሴ፣ እሑድ፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለባለቤቴ እናት፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እማ፣ አካም ጅርቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎ? የባቲ ሙቀትስ ትንሽ ቀነሰ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሰውነታችን ማለቴ ነው። ቶይባ፣ ይህን ለእማ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና እባክሽ እንደ ሬዲዮ አትጩሂበት። ጓዳ ግቡና በጆሯቸው አንብቢላቸው። ስልክ ለምን አልደወለችም እንዳትሉኝ፣ ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ልጅዎ በድሩ ደግሞ የማይሰማው ነገር የለም።

እማ፣ ፈርቻለሁ። ልጅዎ በዚያው በባሕሩ መንገድ ወደ ሳዑዲ ተመልሶ ሊሄድ ነው ብዬ ፈርቻለሁ። ሄጃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ከጠየቅኩት ይዋሸኛል ብዬ እፈራለሁ፤ እውነቱን ይነግረኛል ብዬም እፈራለሁ።

ነገሩ ከዓሣው ሣጥን ይጀምራል። ጅዳ ሳለ የአንድ ባለጸጋ ቤት ውስጥ ግድግዳ የሚያህል የዓሣ ሣጥን ይንከባከብ እንደነበር ነግሮዎታል። ከሳዑዲ ከተመለሰ ጀምሮ የሚሠራው መስኮት የሚገጥሙበት ሱቅ ነው። አምና የተረፈ መስታወት ሰብስቦ በሲሊኮን አጣበቀና ሣጥን ሠራ፤ ከቦርከና ወንዝም ትንንሽ ዓሦች አመጣ። ጎረቤቶቻችን «መቼ ነው የሚጠበሱት?» እያሉ ሳቁብን። እኔ ግን ደስ አለኝ። ዓሣ ያሳደገ ሰው ጥሏቸው የትም አይሄድም ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ እማ።

ከሁለት ወር በፊት «ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል ካልገባበት ዓሣው አይጠናም» አለና ጨፋ ሮቢት ወርዶ ከረግረጉ አንድ ጆንያ ሙሉ ይዞ መጣ። ጭቃውን፣ ቀንድ አውጣውን ሁሉ ሦስት ጊዜ አጥቦ ከቤት አስወጣ። ሌላ ደግሞ በሚኒባስ ሹፌር ከአዲስ አበባ አስመጣ። ከዚያ ትምህርት ተጀመረ። ተማሪዋ እኔ ነኝ! «ይቺኛዋ ሥር የላትም፤ ዝም ብለሽ ውሃው ላይ ጣያት፤ ስትበዛ በመቀስ ቁረጫት» ይለኛል። «ይሄ ቅጠለ ወፍራም ብርሃን ብዙ አይፈልግም፤ አሸዋ ውስጥ ከቀበርሽው ግን ይበሰብሳል፤ በክር ድንጋይ ላይ እሰሪው። እንደ ሣር የረዘመውን ደግሞ ተክለሽ ተይው፤ ራሱ ይራባል። ሣጥኑን ፀሐይ ላይ አታድርጊው፤ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ውሃውን በሳምንት አንዴ፣ ሩቡን ብቻ ቀይሪ።» ይህን ሁሉ ብሎ መልሶ ይጠይቀኛል። ስሳሳት አይቆጣም፤ እንደገና ያስረዳኛል። እማ፣ ልጅዎን ያውቁታል፤ ትዕግሥት የት ያውቃል?

አንዲት ቀይ ተክል ነበረች። ቤቱን ሁሉ ያሳመረች፣ እሱም ከሁሉ የሚወዳት፤ ከሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነበር። ያለፈው ሳምንት ነቅሎ ጣላት። ምን አደረገችህ ስለው፣ «ይቺ በየቀኑ የሚያያት ሰው ትፈልጋለች፤ መብራት ትፈልጋለች፤ ምግብ ትፈልጋለች። አንቺ ብቻሽን አትችያትም» አለኝ። ብቻሽን አለ እማ። ተናግሮ ራሱም ደነገጠ፤ ወዲያው ወሬውን ወደ በሩ ማጠፊያ አዞረው። በነጋታው ማጠፊያውን ሠራ። ጣሪያው የሚያፈስበትንም ደፈነ። የመብራት ቆጣሪው እንዴት እንደሚነበብ አሳየኝ። ባል ቤቱን ሲያበጅ የምታለቅስ ሴት አይተው ያውቃሉ? እኔ ነኝ።

አሁን ለሱብሒ ሶላት ሲወጣ እግሩን አያለሁ። ነጠላ ጫማ ካደረገ ይመለሳል። ስኒከሩን ያደረገ ቀን እስኪመለስ ድረስ ከበሩ አልርቅም። ባለፈው ሐሙስ በስልክ ከማላውቀው ሰው ጋር ሲያወራ «ሚሌ» ሲል ሰማሁት፤ ወደ ባሕሩ የሚወርዱት በዚያ ነው። እኔን ሲያይ በኦሮምኛ ስለ መስታወት ዋጋ ማውራት ጀመረ፤ «ሚሌ» ያለውን ያልሰማሁ ይመስል!

ወንድሙን ፈረጅን ባሕሩ ከወሰደብን ሰባት ዓመት ሆነ፤ አላህ ይዘንለት። እርስዎ ሬሳ ሳያዩ፣ ቀብር ሳይቆሙ ነው ልጅዎን የቀበሩት። ቁስልዎን መንካቴ አይደለም፤ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ደግሞ ከባሕሩ ማዶ የመን ጦርነት ነው። ሌላ ማንን ልጠራ?

አንድ ነገር ልጨምር። የሣጥኑን ውሃ ስቀይር ሽታው ያስመልሰኛል። ይኸው ሁለት ወሩ። በድሩ «ትለምጂዋለሽ» ይላል። እርስዎ አምስት ወልደዋልና ማብራራት የለብኝም። ለሱ አልነገርኩትም። ያን ጊዜም ሳዑዲ የሄደው «የሚወለደው ምን ይበላል» ብሎ ነበር፤ ባሕር ላይ ሳለ አስወረደኝ። አሁን ብነግረው ጭራሽ የሚፈጥን ይመስለኛል። ብደብቀው ደግሞ ሳያውቅ ይሄዳል። ያ ረቢ፣ የቱ ይሻላል?

ትናንት «ሰኞ ባቲ ገበያ ነው፤ እግረ መንገዴን እማን አይቻት ልምጣ» አለኝ። መቼ ትመለሳለህ ስለው ሣጥኑን እያየ «የምግባቸውን መጠን አትርሺ» አለኝ። ስለዚህ እማ፣ ይህን ደብዳቤ ያመጣልዎ እሱ ራሱ ነው። ለርስዎ በገዛሁት ሻሽ ጠርዝ ውስጥ እሰፋዋለሁ። «እማ ፊት ለፊትህ ካልለበሱት እቀየማለሁ» ብዬዋለሁ፤ ጠርዙን ሲዳስሱት ወረቀቱ ይንኮሻኮሻልና ቶይባ ትፍታው። ይህ ሲነበብልዎ እሱ ሳሎን ተቀምጧል። ወደ ሚሌ የሚወርዱት መኪኖች ገበያው ሲበተን ነው የሚነሱት፤ እስከዚያ ጊዜ አለዎት። ይቆጡት፤ ያልቅሱበት፤ አመመኝ ይበሉት። ውሸቱን አላህ ይቅር ይላል። የሆዴን ግን አይንገሩብኝ። እሱን እኔ ነኝ የምነግረው፣ ከተመለሰ።

ይኸው ሻሹን የምሰፋ መስሎት ከውጭ «ጨረስሽ ወይ?» እያለ ነው። ልብሱ ብቻ አይደለም የታጠፈው፤ ብርድ ልብስም ይዟል። ለአንድ ቀን፣ ባቲ፣ ብርድ ልብስ!

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ዱዓዎ አይለየን። ከደጅዎ የወጣ ሁሉ በሰላም ይመለስ፤ አሚን ይበሉልኝ።

ልጅዎ፣ የልጅዎ ሚስት