ከአሥሩ ፍሬ ሦስተኛው

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የጉልበትሽ ቁርጥማትስ ቀለለልሽ? ቡሬ ያስጠጉሽ አጎቴና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔና አባ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ስትደውዪ ዝም የምልሽ ተቀይሜሽ አይደለም፤ ቃል አይመጣልኝም። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

ያ አንቺና አባ የተጣላችሁበት የወፍጮ ሞተር ሊሸጥ ነበር። በአንድ ሊትር ናፍጣ ኩንታል በቆሎ ይፈጭ የነበረው ሰባ ኪሎ ላይ ይጨርሰው ጀመር። ጭሱም ጥላሸት ሆነ። ጎረቤታችን ሠርክአዲስ ተራ እየጠበቀች «የእናንተ ሞተርስ ከጥማድ በሬ ይብሳል ቀለቡ!» ብላ ሴቶቹን ስታስቅ አባ አንገቱን ደፋ። በዚያው ቀን ለፍኖተ ሰላሙ ነጋዴ ለአብዱሰመድ ደውሎ ቅዳሜ መጥተህ ውሰደው አለው። ቤቱን ዘግቶ ለቀን ሥራ ቆላ እንደሚወርድ፣ እኔንም አክስቴ ጋ እንደሚያደርሰኝ ነገረኝ።

ስምንተኛ ክፍል ሳቋርጥ ያስቀመጥኩትን የሳይንስ ደብተር አወጣሁ። የናፍጣው ጉልበት ሁሉ ሥራ አይሆንም ይላል። የናፍጣው ጉልበት ይሁኑ ብዬ አሥር የበቆሎ ፍሬ ሰፌድ ላይ ደረደርኩ። ሦስቱ ድንጋዩን ያዞራሉ፣ ሦስቱ ከጭሱ ጋር ይወጣሉ፣ ሦስቱን የማቀዝቀዣው ውኃ ይወስዳል፣ አንዱ በፍትጊያ ይቀራል። የእኛ ሞተር ግን ድንጋዩን የሚያዞርለት ሁለት ብቻ ቀርቶታል። ሦስተኛው የት ገባ?

ውኃው እንደ ወትሮው ነው የሚሞቀው። ከሞተሩ ወደ ድንጋዩ የተወጠረው ቺንጋም አይንሸራተትም። ጭሱ ግን አመዱ ያልተጠረገ ምድጃ ጭስ መሰለኝ፤ አየር ሲያጣ የሚጨሰው ዓይነት። ሄጄ ሞተሩ የሚተነፍስበትን አፍ አየሁ። ዱቄት እንዳይገባበት አባ በነጠላ ጠምጥሞታል፤ ትተሻት በሄድሽው፣ ጥለቷ አረንጓዴ በሆነችው። ዱቄትና ዘይት ጠጥታ እንደ ቆዳ ደርቃለች። ሞተሩ አየር አጥቶ፣ ሦስተኛው ፍሬ ሳይነድ በጭሱ ይወጣ ነበር።

በአፌ መናገር አፈርኩ። ፍሬዎቹን ወረቀት ላይ ስዬ፣ የጠፋውን አክብቤ፣ የናፍጣው ጀሪካን ላይ ለጠፍኩለት። ቆሞ አየው፣ አየው፤ «ማን አስተማረሽ?» አለኝ። «ምድጃው» ስለው ሳቀ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ነጠላዋን ፈታ፣ የአየር ማጣሪያውን አራግፎ ገጠመ። ጭሱ ሳሳ፤ በሊትሩ ዘጠና አምስት ኪሎ ፈጨን።

ቅዳሜ አብዱሰመድ ሲመጣ አባ አልሸጥም አለው። እሱም «መንገዴን ከንቱ ካደረግኸው በል ዱቄት አሸክመኝ» ብሎ ቀለደና ሄደ።

አንድ ነገር ልጨምር። ነጠላሽን ልጠብልህ ብለው አባ እምቢ አለኝ። ራሱ ወንዝ ወርዶ፣ ሴቶቹ እየሳቁበት፣ ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠባት። ዘይቱ ጨርሶ ባይለቅም ጥለቷ ታየ። ለሞተሩ ሌላ መከለያ ሠራለት፤ እሷን አጣጥፎ ሣጥንሽ ውስጥ አስገባት። ለምን ብለው፣ ፊቱን አዙሮ «ትጠይቅ ይሆናል» አለኝ።

የቡሬው ሚኒባስ አሁን ማክሰኞም በእኛ በር ያልፋል።

ማርያም ከክፉ ትጋርድሽ፣ ጉልበትሽንም ታጽናልሽ።

ዝም የምትልሽ ልጅሽ