አርባ የግራ እጅጌ

ሰኞ፣ የካቲት 3

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ዶሮ የጫረው ይመስላል... ማን ሊያነበው። ቀኙ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እስከ ክርኔ ታስሯል። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ብሏል። "ቀድመሽ መቀስ ከያዝሽ አውራ ጣትሽ ዳግም አይታዘዝሽም።" መቀስ የማይዝ ጨርቅ ቆራጭ ምን ይባላል?

ጥድፊያ ሦስት ጊዜ ደወለ። አለቃዬን ማለቴ ነው፤ ስሙን ያወጣንለት ሠራተኞቹ ነን። "በአንድ እጅም እኮ ይቻላል። መቼ ትመጫለሽ?" እሺ፣ አስብበታለሁ አልኩት። ምን ሆኜ ነው እሺ ያልኩት?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

እማዬ ስልኬን ቀማችኝ። ሲደውል አነሳችና ሰላምታ ጀመረች። እንደምን ነህ፣ ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ፣ የእናትህ ጉልበት ተሻለው? ቀጥሎ ምርቃት። "እማማ፣ ልጅዎ..." ሲላት "አሜን በል እንጂ ልጄ!" አሜን አለ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ። ስለ ሥራ ትንፍሽ ሳይል ዘጋ። ትራሴን ነክሼ ሳቅሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

እማዬ ገበያ ሄዳ እኔው አነሳሁ። ሃያ የአስተናጋጅ ኮት ታዟል። "ካልመጣሽ በስልክ አስቆርጪ።" እሺ አልኩ። አሁንም እሺ... መቀሱን የያዘችው ጓደኛዬ ቁልፍ ሰፊዋ ናት። ቆርጣ አታውቅም። "የጨርቁ ፊት ወደ ላይ ይሁን። መጀመሪያ የግራውን እጅጌ ቁረጪ። ከዚያ ለቀኙ..." ጥድፊያ ስልኩን ነጠቃት። "በቃ ገብቷታል፣ ጊዜ የለንም።" ዘጋው።

ለቀኙ የወረቀት ቅዱን ገልብጪው ልላት ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አርባ እጅጌ ተቆርጧል። አርባውም የግራ።

እማዬ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብላ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ጥድፊያ ቤት ድረስ መጣ። ሙዝ ይዞ። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ "ጥፋቱ ያንቺ ነው። ሰኞ ካልገባሽ ሌላ ቆራጭ እቀጥራለሁ" አለኝ። እማዬ ለምርቃት አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። "እጄ ሳይድን አልገባም። የሐኪሙ ወረቀት መሳቢያዎ ውስጥ አለ። ሌላ ከቀጠሩም ይቅጠሩ።"

ሙዙን ትቶ ሄደ። ፈራሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ቦታዬን ባጣስ? ከዚያ ራበኝና ሁለት ሙዝ በላሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ቁልፍ ሰፊዋ ወሬ ይዛ መጣች። አዲስ ቆራጭ ተቀጥሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "ይህን ሰውዬ እናንተው ቻሉት" ብሎ ወጣ አሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ነውር ነው? ይሁን።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ማሰሪያው ተፈታ። አውራ ጣቴ ታጠፈ። ሐኪሙ ፊት አለቀስኩ። ለመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ቀን ብቻ ሥሪ ብሏል።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ሥራ ገባሁ። ጥድፊያ አንድ ጥቅል ጨርቅ ታቅፎ መጣ።

"ለነገ መድረስ አለበት።"

"ለነገ አይደርስም። እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው የምሠራው። ለሐሙስ ይደርሳል።"

ጥቅሉን እንዳቀፈ አየኝ። ሁሉም የስፌት መኪናቸውን አቁመው ይሰማሉ።

"እሺ" አለ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል የምላት እኔ ነበርኩ።