ጆሮዬ አይደለም፣ ማራገቢያው ነው

ጥቅምት 6
አሥራ አንድ ገጽ ተየብኩ። የፍርድ ቤት የድምፅ ቅጂ እየሰሙ መጻፍ... አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ጠረጴዛዬ ሥር ያለው ኮምፒውተር እንደ ወፍጮ ያጓራል። ሦስት ቦታ ላይ «አይሰማም» ብዬ አለፍኩ። እንዴት ይሰማ?

ጥቅምት 8
ኃላፊው አስጠራኝ። «አይሰማም» የሚለው በዝቷል አለ። ከወሩ መጨረሻ በኋላ መዝገብ ቤት ልዛወር ነው። ማሽኑ እኮ ነው የሚጮኸው አልኩት።
«የሁሉም ይጮኻል። የደከመው የእርስዎ ጆሮ ነው፣ እትዬ።»
እትዬ! በአራት ዓመት ብበልጠው ነው።
ግራ ጆሮዬ መድከሙን ሐኪሙ ነግሮኛል። ለማንም አልተነፈስኩም። ግን ግማሽ ጆሮም ጆሮ ነው።

ጥቅምት 9
አልሄድም።

ጥቅምት 12
የቤቱን አሮጌ ኮምፒውተር ሳሎን ወለል ላይ ፈታሁት። ባሌ ብሎን ሲተርፍሽ ጥሪኝ ብሎ ሳቀ። ማራገቢያውን ነቀልኩ። ጸጥ... ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግሎ ራሱ ጠፋ።

ጥቅምት 13
ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር የሞተ ኮምፒውተር ነው አለኝ። ይሳቅ። ለምንድን ነው የሚጮኸው ብዬ ያዝኩት። እየሰለቸው ነገረኝ፦ ትንሽ ማራገቢያ በቂ ነፋስ እንዲሰጥ መክነፍ አለበት፤ ትልቁ ግን ቀስ ብሎ ዞሮ ያንኑ ይሰጣል። የፈለግኩትም ይሄንኑ ነበር። ትልቅ ማራገቢያ፣ እንደ ጡብ የሚከብድ ማቀዝቀዣ ብረት፣ የማይሽከረከርና ድምፅ የሌለው ዲስክ ይዤ ተመለስኩ።

ጥቅምት 19
ገጠምኩት። አሁንም እምምም የምትል ድምፅ አለች። ከየት? ሳጥኑን በእጄ ስጫነው ትጠፋለች፣ ስለቀው ትመጣለች። ለካ ማራገቢያው ቆርቆሮውን እያንቀጠቀጠው ነው! የባሌን ነጠላ ጫማ በመቀስ ቆራርጬ በየብሎኑ ሥር አደረግኩ፤ ድምፅዋ ጠፋች። ባሌ ጫማውን ሲፈልግ ቆይቶ የቀረውን አንድ እግር ይዞ መጣ። እኔን አየ፣ ሳጥኑን አየ።
«ይሄንንም ውሰጂው» አለ፤ «አንድ እግር ምን ያደርግልኛል?»

ጥቅምት 22
ቢሮ ይዤው ገባሁ። ኃላፊው የግል ዕቃ አይፈቀድም አለ። መመሪያ ካለ በጽሑፍ ይስጡኝ አልኩት። ማታ ከሥራ እስክወጣ ድረስ አልሰጠኝም።

ጥቅምት 27
ባልደረባዬ የተየበችው የአንዲት አሮጊት ቃል ለማመሳከር ደረሰኝ። የቤት ሽያጭ ክርክር ነው። ወረቀቱ «ፈረምኩ» ይላል። ቀኝ ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማሁ። መለስኩ። ስድስት ጊዜ... ከቃሉ ፊት የተዋጠች «አል» ትሰማለች። መጨረሻው ላይ ደግሞ ከንፈር ሲገጥም ብቻ የምትሰማ «ም»።
አልፈረምኩም።
ሴትዮዋ ቤቷን ልታጣ ነበር።
ኃላፊውን ጠርቼ ማዳመጫውን ሰጠሁት። ሰማ። ይድገሙት አለ። ደገምኩ። ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን አየ።
«በርቷል እንዴ?»
«ጆሮዎን ያስጠጉ» አልኩት።

ጥቅምት 30
ወሩ አለቀ። ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ። የአሮጊቷ ቃል ታርሞ ሄዷል። ኃላፊው ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ አልጠበቅኩም። ዝውውሩን ግን ድጋሚ አላነሳውም።
ከምሳ በፊት ባልደረቦቼ በሙሉ ባሉበት ተነሥቼ ግራ ጆሮዬ እንደደከመ በገዛ አፌ ነገርኳቸው። ኃላፊውም ቆሞ ነበር።
«ወሬ ያላችሁ በቀኜ ኑ» ብዬ ተቀመጥኩ።