ጉድጓዱ ሳይከደን የማይሄዱት የዙራካን ኤጄ የሕይወት ታሪክ

ዙራካን ኤጄ ከአባታቸው ከሞልዶባይና ከእናታቸው ከሳይካል፣ በናሪን አውራጃ በቴሬክ ቡላክ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ በወረደበት ሳምንት ተወለዱ። ለቤቱ አምስተኛ፣ ከሴቶቹ የመጀመሪያዋ ልጅ ነበሩ። ከጊዜ በኋላ መንደሩ በሙሉ፣ ሽማግሌ ሳይቀር፣ “ኤጄ” ማለትም “ታላቅ እህቴ” ይላቸው ነበር። ይህን የምጽፈው እውነተኛ ታናሽ ወንድማቸው ሳማት ነኝ። በዚህ መንደር ድግስ ሲደገስ አራጁ እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ለኩራት አይደለም፤ ታሪኩ ወደዚያ ስለሚመጣ ነው።

ትምህርታቸውን በመንደራችን ትምህርት ቤት ካጠናቀቁ በኋላ በ1967 ናሪን ከተማ ወደሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1970 በጤና ረዳትነት ተመረቁ። በዚያው ዓመት ተመልሰው ባለ ሁለት ክፍሏን ጤና ጣቢያ ተረከቡ። በ1972 ከትራክተር ነጂው ከጃፓር ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ጃፓር ዝምተኛ ሰው ነበሩ። “እጅህን ሳትታጠብ ገበታ አትቅረብ” ሲባሉ ሠላሳ ዓመት አጉረመረሙ፤ ሠላሳ ዓመትም ታጠቡ።

ሥራቸው ለወሬ አይመችም ነበር። ሕፃናትን ይከትባሉ፣ የጉድጓድ ውሃ ያክማሉ፣ ወተት ሳይፈላ የሚጠጣ ሰው ካገኙ በመንገድ ላይ ይቆጣሉ። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የእሳቸው ኑሮ ነበር። የዚህ ሥራ ክፋቱ ግን ያልታመመ ሰው ሐኪሙን አለማመስገኑ ነው። እኔም አላመሰገንኳቸውም።

በድሮው የጋራ እርሻ ዘመን ለውሾች የትል መድኃኒት የሚሰጡ ሰዎች ከከተማ ይመጡ ነበር። ከ1991 በኋላ የጋራ እርሻው ፈርሶ ያ ቀረ፤ በጎቹ ተከፋፈሉ፣ እርዱም በየግቢው ሆነ። በጉን የሚጠብቅ ውሻ ድርሻውን ማግኘት አለበት፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል። እናም ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ስናይ “ይሄ ለሰው አይሆንም” ብለን ለውሻ እንወረውር ነበር። መጠንቀቃችን መስሎን ነው።

በ1998 ብርድ ወራት የስድስት ዓመት ልጄ አይዛዳ ማሳል ጀመረች። ኤጄ ጉንፋን ነው ብለው ደረቷን ስብ ሲያሹ፣ ትኩስ ወተት ሲያጠጧት ወራቱ አለቀ። በረዶው ሲቀልጥ ልጄ ጨው ጨው የሚል ውሃ አሳለች። ዋና ከተማችን ቢሽኬክ ያሉ ሐኪሞች ደረቷን ቀድደው ከሳንባዋ የዶሮ እንቁላል የሚያክል ከረጢት አወጡ። ከዚያም ሐኪሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፦ “ውሻ አላችሁ?” አለን። አይዛዳ የውሻችንን አንገት አቅፋ ነበር የምትተኛው። በበጉ ሳንባ ያለው ከረጢት ውሻው ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ከውሻው ጠጉር ወደ ልጅ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል።

ቢሽኬክ ኤጄም አብረውን ነበሩ። ቤት ደርሰን ከመኪናው ሲወርዱ “ሳማት፣ የወረወርከው አንተ ነህ፤ እኔም ቆሜ አይቻለሁ። የተማርኩት ግን እኔ ነኝ” አሉኝ። ልጄ ዳነች። እሳቸው ግን ያችን ሳል ለራሳቸው ይቅር ብለው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ መድኃኒቱን በበግ ላት ጠቅልለው ከቤት ቤት ይዞሩ ጀመር። “የውሻ ሐኪም” የሚል ስም ወጣላቸው። አዛውንቱ ጎረቤታችን ቃዲር አታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በር ላይ ቆመው “ውሻዬን ምንም አላመመው፤ ይልቅ ጉልበቴን እዪልኝ” አሏቸው። ኤጄም “አየዋለሁ አታ፤ መጀመሪያ ግን ውሻውን ይሰሩልኝ፤ እሱ እንደ እርስዎ ተቀምጦ አይጠብቀኝም” ብለው መለሱ።

በ2001 ማረጃው አጠገብ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ጃፓር ከማይሠራ ትራክተር ብረት ክዳን ሠሩለት። ድግስ በሆነ ቁጥር ኤጄ መጥተው የተበላሸው ሆድ ዕቃ ገብቶ ክዳኑ እስኪገጠም እዚያው ይቆማሉ። “ድግሴን ልትቆጣጠሪ ነው የመጣሽው?” ያላቸው ባለ ድግስ አለ። እኔም አፈርኩባቸው። በአንድ ሠርግ ላይ ዞር ሲሉልኝ ጠብቄ ሳንባውን ለራሴ ውሻ ወረወርኩ። አዩኝ። በሠርግ ልብሳቸው ሄደው፣ እንግዳው ሁሉ እያየ፣ ከውሻው አፍ ነጥቀው ጉድጓዱ ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ወርውሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ማንም አልታመመም ብዬ አልዋሽም። በሽታው ዝግተኛ ነው፤ ቀድሞ የገባ ዘግይቶ ይወጣል። ሁለት ጎረቤቶቻችን ቢሽኬክ ሄደው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ከጉድጓዱ በኋላ ከተወለዱት ልጆች ግን እስከ ዛሬ አንድም አልሄደም። የዚያን በሽታ ስም እንኳ አያውቁም።

ጃፓር በ2009 ዐረፉ። ኤጄም በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ከትናንት በስቲያ፣ መጋቢት 9 ቀን 2023፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና እኔን ዘገምተኛውን ወንድማቸውን ትተዋል። አይዛዳ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ዛሬ ጠዋት ከእርዱ በፊት ከቤት ቤት ዞራ ውሾቹን ሁሉ ያሳሰረችው እሷ ናት።

ከመሞታቸው ሁለት ሳምንት በፊት አስጠርተውኝ “በቀብሬ ቀን የምታርደው አንተ ነህ። ተነሥቼ ልቆምብህ አልችልም፤ ክዳኑን አደራ” አሉኝ።

ዛሬ እንደ አገራችን የሐዘን ወግ አንዲት ባዝራና ሁለት በጎች አረድኩ። የአንደኛው በግ ሳንባ ሁለት ከረጢት ነበረው። እንደ ልማዴ ዞር ብዬ እሳቸውን ፈለግኩ። ጉድጓዱ ዳር የቆመ ሰው አልነበረም። ሳንባውን ከትቼ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ እጄን ታጥቤ መጥቼ ይህን የመጨረሻ ቃል ጻፍኩ።

አላህ ይዘንላቸው፣ መቃብራቸውን ያስፋላቸው፣ ማረፊያቸውን ጀነት ያድርግላቸው። ያልታመማችሁ ሁሉ፣ አሚን በሉ።