በራችን ላይ የምጽፈው ቁጥር

ግንቦት ፲፯ ቀን

ለምወድሽ እታለሜ፣

«እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንዴት እንደምነግርሽም አላውቅም። ደህና አይደለንም።

አንቺስ እንዴት ነሽ? ቀኑን ሙሉ ተንበርክከሽ አፈር ስትጠርጊ የሚያምሽ ጉልበት ተሻለሽ ወይ? ፀሐዩስ? ምግብ በሰዓቱ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሥራ ይዞሽ ትረሺዋለሽ? እማዬ ይህን ሳትጠይቂ ደብዳቤውን እንዳትዘጊው ብላኛለች፤ የቀረውን እንደምጽፍልሽ ግን አታውቅም።

እታለሜ፣ መዘዙ የመጣው በቁጥሮቹ ነው። በበጋው ከአስተማሪሽና ከጓደኞችሽ ጋር መጥታችሁ ከጓሯችን ጀምሮ እስከ ኮረብታው ድረስ የቆሙትን የጥንት ድንጋዮች ስትለኩ፣ በእያንዳንዱ ግርጌ ትንሽ ነጭ ቁጥር ጻፍሽ። የቀለሙን ቆርቆሮ የያዝኩልሽ እኔ ነኝ። ፎቶውና ሥዕሉ እንዳይምታታብሽ ነው አልሽኝ፤ ገባኝ። ለሌላው ሰው ግን የነገረው የለም። የታችኛው መንገድ ሲሰፋ አንቺ እዚህ አልነበርሽም። ያኔም ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ፣ ለኩ፣ ግድግዳ ላይ በቀለም ቁጥር ጻፉ፣ በፈገግታ ተሰናብተው ሄዱ። ቀጥሎ የመጣው ዶዘር ነው። የልብስ ሰፊዋ ቤት የፈረሰው ያኔ ነው፤ አሁን የስፌት መኪናዋን ይዛ ከእኛ ጎን ባለችው ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። አንድ ቀን ያሰጣችውን ጨርቅ ልታነሣ ጓሮ ወጥታ ቁጥሩን አየች። ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰች። «ይህን አጻጻፍ አውቀዋለሁ፤ ቤቴን የበላው እሱ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ መውጫ የለንም። ለድንጋይ ብላ ሸጠችን ይሉሻል። ጎረቤታችን ግንበኛው ባየኝ ቁጥር «ማስተርስ የሚባለው ትምህርት ጎረቤት ማስነሣት ነው እንዴ?» ይለኛል። ቧንቧ ጋ ስደርስ ወሬው ይቆማል። ባለፈው አንዷ «እኛንስ ስንተኛ ቁጥር አደረገችን?» ስትለኝ ሁሉም ሳቁ። እንደዚያ አይደለም ልላቸው ፈልጌ ነበር። ግን ታውቂኛለሽ፣ ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰራል። ጄሪካኔን ግማሽ እንደሆነ አንሥቼ መጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ቤት ስገባ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ አልኩ።

ትናንት ጎረቤቶቹ ቤታችን ተሰበሰቡ። ድንጋዮቹ ከሌሉ ቦታውን የሚፈልገው ሰው አይኖርም፤ ስለዚህ ይነቀሉ አሉ። አባዬ ልጄ እንዲህ ያለች አይደለችም ብሎ ተከራከረ፤ ድምፁም ከፍ ብሎ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ማልቀስ ጀመረች። ያን አልቻለም። አንገቱን ደፍቶ «እንግዲያው ከእኔ ጓሮ ጀምሩ» አለ። ነገ ጠዋት ግንበኛው ሰንሰለት ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የምትነቀለው ወሬ የምታዳምጥ ስለምትመስል አንቺና እኔ «አክስቴ» ያልናት ያቺ ዘንባላዋ ናት። እማዬ «ስትመጣ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?» አለችና የታጠበውን ዕቃ እንደገና ስታጥብ አመሸች።

የነገርሽኝ ከጆሮዬ አይጠፋም። የማጠናው ድንጋዩን ብቻ አይደለም፣ የቱ ከየቱ እንደሚተያይ፣ ከየትኛው ጎን ሲቆሙ ኮረብታው እንደሚታይ ነው ብለሽኛል። አንዱ ከቦታው ከተነሣ የሌሎቹም ነገር ይጠፋል ብለሽኛል። መልሰን ብናቆመውስ ስልሽ ስቀሽ «የተነቀለ ጥርስ መልሰሽ ብትተክዪው ያኝካል?» አልሽኝ። እታለሜ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሽበት ነገር ነገ በአንድ ጠዋት ሊያልቅ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብያለሁ። አንቺ ያለሽበት የቁፋሮ ቦታ ስልክ አይሠራም። የሚኒባሱ ሹፌር ነገ ወደ ከተማ ሲወርድ ይህን ፖስታ ቤት ያስገባልኛል። ግን ሲደርስሽ የሆነው ሁሉ ሆኗል።

እማዬ ሰላም ትልሻለች፣ ብርድ ልብስሽን ደርቢ ትላለች። ትንሿ እኅታችን የፊት ጥርሷ ወልቆ ስምሽን ስትጠራ ታስቃለች። አባዬ ሰላም በሏት አላለም፤ ነገር ግን ከስብሰባው በኋላ የላክሽለትን ባርኔጣ ከሚስማሩ አውርዶ አቧራውን ጠረገው። ልብስ ሰፊዋ፣ ብታምኚም ባታምኚም፣ ትተሽው የሄድሽውን የተቀደደ የሥራ ሱሪሽን ጠግና አስቀምጣልሻለች። እባክሽ አትጥያት። ፈርታ ነው።

የተረፈው ቀለም ከአልጋዬ ሥር ነው። ዛሬ ከፍቼ በእንጨት ነካካሁት፤ አልደረቀም። የመጨረሻው ድንጋይ አርባ አንድ ነበር። ነገ ግንበኛው ሳይመጣ ተነሥቼ በቤታችን በር ላይ፣ ሁሉም ሊያየው በሚችልበት ቦታ፣ አርባ ሁለት ብዬ እጽፋለሁ። ቁጥሩ የሚያፈርስ ከሆነ የእኛም ቤት አብሮ ይፍረስ። አባዬ ይመታኝ ይሆናል። ምነው ይህን አደረግሽ ሲሉኝ ምላሴ ከተፈታ እነግራቸዋለሁ፤ ካልተፈታም ከበሩ ንቅንቅ አልልም። ቀለሙ እስኪደርቅ ብሩሹን እንደያዝኩ እዚያው እቆማለሁ፤ ከዚያም ጓሮ ዞሬ ጀርባዬን ለአክስቴ ሰጥቼ እቀመጣለሁ።

ታናሽሽ