ሮለር ወደ ኋላ አይዞርም

እሑድ፣ ሐምሌ 14 ቀን
ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለልጄ፣ ለቤቴ ድምፅ፣

«እንደምን ከርመሃል?» ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። ዛሬ ጠዋት በስልክ ጠይቄህ «አሪፍ ነኝ እማዬ» ብለኸኛል፤ እኔም «እኛም አሪፍ ነን» ብዬሃለሁ። ስልክ ላይ ሁላችንም አሪፍ ነን። ይህን የምጽፍልህ በስልክ የማይባል ነገር ስላለኝ ነው። አባትህን ታውቀዋለህ፤ የቶርኖ ጩኸት ጆሮውን ስለበላው የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ወንበሩን ስቦ፣ በግንባሩ ሊነካው ምንም እስከማይቀረው ድረስ ተደፍቶበት ይሰማል። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ምን ላወራህ እችላለሁ? ደግነቱ የፋርማሲስቷ ልጅ ረቡዕ አንተ ወዳለህበት ከተማ ትበራለች። ይህን ወረቀትና ሁለት ጥንድ ካልሲ ይዛልህ ትመጣለች። ካልሲዎቹ ወፍራም ናቸው፤ አትሳቅ፣ አድርጋቸው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ይማረራል እንጂ ሌላ የሚወራ የለኝም። ሆቴሉን ከለቀቅኩ ወዲህ እጄ ሥራ ፈትቶ የሰው መጋረጃ ሳይ አውርደሽ እጠቢው እጠቢው ይለኛል። አባትህም ጡረታ ወጣ ተብሎ ጠዋት ጠዋት ቶርኖ ቤት መሄዱን አልተወም፤ «እኔ ከሌለሁ ብረቱን ይጨርሱታል» ይላል። ሳሎኑን ቀለም አስቀባነው። በሩ መቃን ላይ መዳፍህ ያጠቆረውን ቦታ ግን ቀቢውን «እሱን ዝለለው» አልኩት። እንደ እብድ አየኝ፤ ቢሆንም ዘለለው።

ዝናቡም ገብቷል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ አንተ ትመጣብኛለህ። ያኔ አንድ የጭነት መኪና ከመንገድ ገፍቶህ ክርንህ ተልጦ፣ ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ጭቃ ሆነህ የገባህ ቀን፣ በሩ ላይ ቆሜ «ከዛሬ በኋላ በዝናብ ብስክሌት ይዞ የሚወጣ ልጅ የለኝም!» አልኩ። አንተ አኮረፍክ። አባትህ በሳምንቱ ቅዳሜ ግን ያንን ጉድ ተሸክሞ መጣ፤ ከቁርጥራጭ ቱቦ በቶርኖ አስተካክሎ የሠራቸው ሦስት ሮለሮች፣ ሁለቱ ከኋላ አንዱ ከፊት፣ ብረት ላይ ተደርድረው በቺንጋ የተያያዙ። «ብስክሌትህን ላዩ ላይ አቁምና ንዳ» አለህ። «ጎማህ ቱቦውን ያዞራል፣ አንተ ግን የትም አትሄድም። እናትህም ታርፋለች።»

እኔ የት አርፌ! ብስክሌቱን የሚይዘው አንዳች ነገር የለም እኮ። በግራና በቀኝ ፍራሽ አነጠፍን። አንድ እጅህን መቃኑ ላይ፣ አንዱን ትከሻዬ ላይ አድርገህ ትጀምርና የፊት ጎማህን ለማየት ጎንበስ ስትል፣ ዘጭ! አንዳንዴ እኔንም ይዘኸኝ ነበር የምትወድቀው። «ወደ ታች አትይ» ይልሃል አባትህ። «ታዲያ የት ልይ?» ትለዋለህ። መዶሻ አምጥቶ ፊት ለፊትህ ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር መታና «እሱን እይ» አለህ። ባዶ ሚስማር። አንድ ቀን ትከሻዬ ቀለለኝና ዞር ብዬ ሳይህ ሁለቱም እጆችህ መሪው ላይ ናቸው፤ ዓይንህ ሚስማሩ ላይ ተተክሏል፤ ቤቱ በሙሉ እምምም ይላል። እኔ ነኝ የጮህኩት፤ አንተማ ጮኸህ ቢሆን ትወድቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያ ድምፅ የቤታችን ድምፅ ሆነ። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ከዚያ በአንድ ዜማ ይጸናል፤ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ደግሞ ይንጫጫሉ። ከታች ያለችው ነርስ ከሌሊት ተራ ገብታ እንቅልፍ ስላጣች፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጥታ «እናንተ ሰዎች፣ በላዬ ላይ ባቡር ነው እንዴ የምታሳድጉት?» ያለችው ትዝ ይልሃል? አንተ ላብህ በአፍንጫህ እየወረደ «ይቅርታ እትዬ፣ አሁን ጣቢያ ሊገባ ነው» ስትላት ሳትወድ በግድ ሳቀች። ዛሬም ደረጃ ላይ ስታገኘኝ «ባቡሩ ደህና ነው?» ትለኛለች።

አባትህማ ከሥራ ሲገባ ካፖርቱን ሳያወልቅ የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ ነበረችው። «ስንት ኪሎ ሜትር ሄድክ?» «ሠላሳ።» «የት ደረስክ?» «ሳሎን።» በየቀኑ ይህችኑ ቀልድ! ሁለታችሁም እንደ አዲስ ትስቃላችሁ፤ እኔ ደግሞ ላብ የጠጣውን ፎጣህን እየሰበሰብኩ «እነዚህ ሰዎች ጤናም የላቸው» እላለሁ። አሁን ያቺ የሰለቸችኝ ቀልድ እንዴት እንደምትናፍቀኝ ብነግርህ አታምነኝም።

የብስክሌት ቡድኑ መርጦህ የሄድክ ዕለት ደግሞ ሻንጣህን በሩ ላይ አቁመህ፣ ወደ ሚስማሩ ጠቁመህ፣ «አባዬ፣ እዚያ ላይ የሚሰቀል ሜዳሊያ ሳልይዝ ይህን ደጃፍ አልረግጥም» አልክ። አባትህ «በል እሺ፣ መንገድ እንዳይረፍድብህ» ብሎ አቀፈህ። ያን ጊዜ ኮርቼ ነበር። ዛሬ ያቺ ቃል ባፍህ ላይ ደርቃ በቀረች እላለሁ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈህ፤ ና ስንልህ ውድድር አለብኝ ትላለህ። ደግመን ስንልህ ሌላ ውድድር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በመጀመሪያው ዓመት «ቡድኑ ጠዋት ጠዋት ቤት ውስጥ ነው የሚያሠለጥነን» እያልክ ሮለር ላይ ሆነህ ስትደውል እውነትህን ነበር። ድምፅህ እየተቆራረጠ፣ ከጀርባህ ያ እምምም እያለ ይመጣል፤ አባትህና እኔ ቤት ያለህ ይመስለን ነበር። ካለፈው መስከረም ወዲህ ግን ድምፁ ሌላ ነው። «ከኋላህ የሚሰማው ምንድነው?» ብልህ «ሮለር ነዋ እማዬ፣ ልምምድ ላይ ነኝ» አልከኝ።

ልጄ፣ ሮለር ቆም ብሎ፣ አስቦ፣ ወደ ኋላ አይዞርም። ሮለር ውሃ አይሞላም። እንደ እብድ ተሽከርክሮ ሲያበቃም ጢጥ ጢጥ ጢጥ አይልም። «እሱ የአሠልጣኙ ፊሽካ ነው» ስትለኝ ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነከስኩ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሃያ ዓመት በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የቆመችን ሴት በማጠቢያ መኪና ታታልላት? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው። እኔ እኮ መኪናው የያዘው አንሶላ ይሁን ፎጣ ከድምፁ ለይቼ አውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ፎጣ ነበር።

ከቡድኑ እንዴት እንደወጣህ አልጠይቅህም። ወድቀህም ይሁን፣ አቅም አንሶህም ይሁን፣ ሰው በድሎህም ይሁን፣ ሆድህ ሲከፈት ትነግረኛለህ። አንድ ነገር ግን ውስጤን ይበላኛል። ያሳፈረህ ከቡድኑ መውጣትህ ከሆነ፣ ወጣት ነህ፣ ያልፋል። ያሳፈረህ ሥራው ከሆነ ግን አዝኜብሃለሁ፤ በደንብ አድርጌ ነው ያዘንኩብህ። የመጀመሪያዋን ብስክሌትህን የገዛችልህ እኮ የሰው አንሶላ ናት! ትንሽ ሆነህ ትምህርት ሲዘጋ ይዤህ እሄድ አልነበር? ሁለቱን ጫፍ አንተ፣ ሁለቱን እኔ ይዘን አንሶላውን ወጥረን፣ እየሮጥክ መጥተህ ጫፉን እጄ ላይ ታስረክበኝና ደግሞ የታችኛውን እጥፋት ይዘህ ትሮጣለህ። ኃላፊያችን «ለዚህስ ደመወዝ ሊቆረጥለት ነው» እያለች ትስቅብህ ነበር። ያን ጊዜ አላፈርክም።

እንግዲህ ሥራው የእኔ ነውና ስማኝ። በረኪናውን በባዶ እጅህ አትንካ፤ ጓንት የለም ቢሉህ ራስህ ግዛ። እርጥብ አንሶላ ስታወጣ ወገብህን ሳይሆን ጉልበትህን እጠፍ። ከዚያ ሙቀት ወጥተህ ብርድ ላይ አትቁም። እሑድም እየሠራህ ነው ማለት ነው፤ ታዲያ መቼ ነው የምታርፈው?

የምፈራው አባትህን ነው። እሱ እስካሁን ሮለር ይመስለዋል። ደውለህ በዘጋህ ቁጥር ተነስቶ ከበሩ ኋላ የቆመውን ሮለርህን ግራሶ ይቀባዋል፤ ማንም የማይነዳውን። እኔም አንጀቴ እያረረ «ሰማኸው? ዛሬማ እንዴት ፈጥኗል!» እለዋለሁ። «አዎ፣ ፈጣን ነው» ይላል። እንዴት ብዬ ልንገረው? አንተም እኮ የማትመጣው እሱን አፍረህ ነው፤ ይሄ ይገባኛል። ግን ሜዳሊያ እስክታገኝ ብለህ ዓመት በዓመት ላይ ከጨመርክ እኛን የምታገኘን አይመስለኝም። ይህን ላስፈራራህ ብዬ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ስለዚህ እለምንሃለሁ፣ ባዶ እጅህን ና። አባትህን እኔ ቀስ ብዬ

ቆይ፣ በሩ ተከፈተ። መጣ።

ይኸው ተመልሼ ያዝኩት። የሆነውን እንዳለ ልንገርህ። ጃንጥላውን አራግፎ ገባ፤ እኔም ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩት።

«ለማነው የምትጽፊው?» አለኝ።

«ለልጅህ ነዋ። ስለ ካልሲው።»

«ስለ ካልሲ ይሄን ሁሉ ገጽ?»

ተቀመጠ፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ አሁንም ጠረገ።

«እንግዲያው ለኔም አንድ ነገር ጨምሪልኝ» አለ። «የዚያ ማጠቢያ መኪና የኋላ ኩሽኔታ አልቋል በይው። ዛሬ ሲሽከረከር ይንገጫገጭ ነበር። ለባለቤቱ ይንገረው፤ ዘንጉን ሳይበላው ይቀይሩት።»

እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። «የምን ማጠቢያ መኪና?» አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያን ሮለር የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ። ቃል ያመልጠኝ ይሆናል እንጂ ኩሽኔታ አያመልጠኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ከመስከረም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«አንቺ ‹እንዴት ፈጥኗል!› ስትዪ ያመንሽ መሰለኝ። ደስታሽን ልቀማሽ?»

ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፤ እሱም ሳቀ፣ ቀጥሎ መነጽሩን እንደገና አወለቀ። እኔ ለእሱ ስዋሽ፣ እሱ ለእኔ ሲዋሽ፣ አንተ ለሁለታችን ስትዋሽ፣ ይኸው ስንት ወር ሙሉ ለአንድ ማጠቢያ መኪና ተሰብስበን ስናጨበጭብ ከረምን።

«ሜዳሊያውስ? ቃል ገብቶልሃል እኮ» አልኩት።

ተቆጣ። እውነቴን ነው፣ ተቆጣ። «ሜዳሊያ አምጣልኝ ያለው ማነው? ያን ሚስማር የመታሁት እንዳይወድቅ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር እንዲኖረው ነው!» አለና ብድግ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ሰማያዊውን ፎጣህን፣ ያንን ጠርዙ የተተለተለውን፣ ይዞ ወጣና ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። «በቃ፣ ባዶ አይደለም» አለ። ከዚያ ሮለሩን ከበሩ ኋላ አውጥቶ ወለሉ ላይ ዘረጋውና አንዱን ቱቦ በመዳፉ መታ አድርጎ አዞረው። ይኸው ይህን ስጽፍ እምምም ይላል። ነርሷ ሰምታው ይሆን እያልኩ ነው።

ሌላ የምለው የለኝም። የምትረግጠው መሬት ይመችህ፣ ክፉ ሰው መንገድህን ይልቀቅልህ፣ ከጎንህ የሚቆም ወዳጅ አይጥፋብህ። እጅህን በረኪና አይብላው። እኛን ሳታይ ፈጣሪ ዓመት አያስቆጥርህ፣ እኛንም አንተን ሳናይ አያስመሽብን።

ስትመጣ እዚህ የሚታጠፍ አንሶላ አለ፤ ብቻዬን አላምር አለኝ።

የምትወድህ፣ ሁሉንም የሰማችው
እናትህ

አባትህ እስክሪብቶውን ካልሰጠሽኝ ብሎ ቆሟል። መጻፍ እንደማይወድ ታውቃለህ፤ ከዚህ በታች ያለው የእሱ እጅ ነው።

ልጄ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድክ አልጠይቅህም። የት ደረስክ?